ለሄንክ ልጄን በእንግሊዝኛ የከለከልኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ሰው በስተርጅናው የማያምረው ነገር የለም። አንዱን የድንበር ክስ ያምረዋል፣ ሌላውን ሁለተኛ ሚስት ያምረዋል፤ ጎረቤቴን ደግሞ በዚያ ጉልበቱ በቅሎ መግራት አምሮት ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል። እኔን ያማረኝ እንግሊዝኛ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለቤቴም ስቃለች፣ ደብሩም በሙሉ ስቋል። እንግሊዝኛው እየገባኝ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ጉዱ የመጣው ሳቁ ከቆመ በኋላ ነው።

በታች ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ ደብር የማገለግል መሪጌታ ነኝ። ድጓ የተማርኩትም እዚያው ቤተ ልሔም ነው። ገብስና ድንች አርሳለሁ፤ ከማኅሌትና ከማሳ የተረፈኝን ጊዜ ከባለቤቴ ከእታገኝ ጋር ስከራከር አሳልፈዋለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፣ ገነት ትባላለች። ነርስ ሆና እስቴ ተቀጠረች። ሰው «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለኝ ደስታዬን ገና አጣጥሜ ሳልጨርስ፣ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ከሆላንድ ከመጣ ቶማስ ከሚባል ወጣት ጋር እንደተፈላለጉ ሰማሁ።

መጀመሪያ ክው አልኩ። ቆይታ ልጁን «የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብላ ለበዓል አመጣችው። የሥራ ባልደረባ እንዳልሆነ ከአጥር ውጭ የታሰረው ውሻ እንኳ ያውቅ ነበር። አማርኛውን እየሰባበረ ይናገራል፣ የቀረበለትን ሳይጠየፍ ይበላል። ድንች ማሳችን ውስጥ ገብቶ አፈሩን በእጁ ሲያሸው አየሁት። ለካ አባቱ ገበሬ ናቸው። ስሙም የሐዋርያ ስም ነው። በሆዴ «ይሁን» አልኩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በሆዴ ነው ያልኩት። በእኛ አገር አባት በሆዱ የሚለው «ይሁን» እና በአፉ የሚለው «ይሁን» መሀል ረጅም መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ጣጣ የደረሰብኝ እዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን ገነት ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ የቶማስ አባት ሊጠይቁዎት ከአገራቸው ይመጣሉ። በእኛ ወግ ይሁን ብለዋል። አሁን ሳይሆን ለከርሞ ነው። አማርኛ አያውቁም፣ እንግሊዝኛ ግን ይችላሉ። አስተርጓሚ እናዘጋጃለን።»

«ምን? በልጄ ነገር በሰው አፍ ልናገር?» አልኩ።

«ታዲያ በምን ሊያወሩ ነው?»

«እማራለኋ!»

ይህን እታገኝ ከአጠገቤ ሆና ሰማች። «እንግሊዝኛውን ተምረው እስኪጨርሱ ልጅቱ አያት ትሆናለች» አለችኝ። ይህን ጊዜ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ። እኔን «አትችልም» ማለት እልሄን መቀስቀስ ነው።

አርብ ገበያ እንግሊዝኛ የምታስተምር ሰላማዊት የምትባል ወጣት አለች። ለገበያ በወረድኩበት ዓርብ ቤቷ ሄጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «የኔታ፣ እንደምን አደሩ» አልኳት። ልጅቱ ዞራ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ፈለገች። ማንም የለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር የኔታ ነው፤ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ቁመቱ አይጠየቅም። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላማዊትን የኔታ ብዬ አንቱ ስላት፣ እሷም እኔን መሪጌታ ብላ አንቱ ስትለኝ፣ ቤቱ በመከባበር ታፍኖ ለትምህርት ቦታ ጠበበን።

በዚህም አላበቃሁም። ተማሪ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው። ያለዚያ የተማርኩት የሚባረክልኝ አልመስልህ አለኝ። በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ሸክም እንጨት ተሸክሜ ገበያውን በመሀሉ ሰነጠቅሁት። የገብስ ሻጭ፣ የባቄላ ሻጭ፣ የአህያ ሻጭ ሁሉ ሥራውን ትቶ አየኝ። «መሪጌታ ለዚያች ለጋ መምህርት እንጨት ይሸከማሉ» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ሲደርስ ደግሞ እንደወጣ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ሰብቶ «መሪጌታ አርብ ገበያ ጎጆ ወጥተዋል» ሆኗል።

እታገኝ በሳምንቱ ከኋላዬ ወደ አርብ ገበያ ገሰገሰች። ስትደርስ እኔ መሬት ላይ በቁርበት ተቀምጬ ትምህርቴን እጮኻለሁ። ሰላማዊት ከዱካ ላይ ሆና፣ ፊቷ በላብ ተነክሮ፣ «መሪጌታ፣ እባክዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ኃጢአት ውስጥ ያስገቡኛል» እያለች ትለምነኛለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችን። ከዚያ የልጅቱን ጉንጭ ሳመችና «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም እንዲሁ ነው የምኖረው» ብላት ወጣች።

አሁን ስለ ትምህርቱ ልንገራችሁ። በእኛ ቤት ተማሪ መጀመሪያ ቃሉን በቃሉ ይይዛል፤ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሰላማዊት «ይህ ማለት ውሻ ነው፣ ይህ ማለት ድመት ነው» ስትለኝ አስቆምኳት።

«የኔታ፣ ትርጉሙን ለጊዜው ይተዉት። መጽሐፉን ብቻ ያስነብቡኝ።»

«ሳይገባዎት ምን ያደርግልዎታል?»

«መግባቱ የእሱ ጉዳይ ነው፤ የእኔ መያዝ ነው።»

የሰባተኛ ክፍልን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን በቃሌ ያዝኩት። ምንባቡን ብቻ እንዳይመስላችሁ። መመሪያውን፣ መልመጃውን፣ የገጽ ቁጥሩን፣ «ሥዕሉን ተመልከት» የሚለውን ሳይቀር ያዝኩት። ማታ የያዝኩትን ቀን ሳርስ እየደጋገምኩ በዜማ እቀጽለዋለሁ። በሬዎቼ «ክፍት ቦታውን በትክክለኛው ቃል ሙላ» ሲባሉ መዞር ለመዱ። ጎረቤት በሬዬን በውሰት ወስዶ «ዙር!» ቢለው አልዞር ብሎት መልሶ አመጣልኝ።

ወዲያው ፈተና መጣ። አንዲት ፈረንጅ ቤተ ልሔምን ልታይ መጥታ መንገድ ላይ አገኘኋት። ሄሎ አለችኝ። ደስታው ራሴ ላይ ወጣ፤ ዕድሜ ልኬን የጠበቅኋት መሰለኝ። መቋሚያዬን ተደግፌ በቃሌ ከያዝኩት ውስጥ መጀመሪያ የመጣልኝን ለቀቅሁት። ምን እንዳልኩ ያኔ አላወቅሁም፤ ኋላ ሰላማዊት ነገረችኝ። «የወባ ትንኝ የምትራባው በረጋ ውኃ ውስጥ ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?» ነበር ያልኳት። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ዙሪያዋን ረግረግ ፈለገች፣ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ እጄ ላይ አኑራ ትከሻዬን ዳብሳኝ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ክኒኑን ለእታገኝ ሰጥቼ በሚቀጥለው ዓርብ ተመልሼ ሄድኩ። «የኔታ፣ ይዣለሁ። አሁን ይተርጉሙልኝ» አልኩ። እዚህ ላይ ሰላማዊት ራሷ ተገረመች። ቃሉ ቀድሞ ስለገባ ለትርጉሙ የቀረው መጥቶ መቀመጥ ብቻ ነው። አንዱን ስትነግረኝ ሌላው አብሮ ይነቃል። ክረምቱን በሙሉ ጭቃውን እየረገጥኩ ወረድኩ። በበጋው አማርኛ ከለከለችኝ፤ ደጃፏን ከረገጥኩ በኋላ አማርኛ የተናገርኩ እንደሆነ ጆሮዋን ትደፍናለች። ሬዲዮ ሰማሁ። በስልክ ከእሷ ጋር ስለ ድንች በሽታ ተከራከርኩ። ተሳሳትኩ፣ ታረምኩ፣ መልሼ ተሳሳትኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ዳማ የሚባለው በሬዬ ገብስ ውስጥ ገብቶ አየሁትና ጮኽኩበት። እታገኝ ከቤት ወጥታ «መሪጌታ፣ በሬው ምን ተባለ?» አለችኝ። ለራሴም ገረመኝ። የሰደብኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ከመጽሐፉ ውስጥ በሌለ ቃል፣ ከራሴ አውጥቼ። ለሰላማዊት ስነግራት ዐይኗ እንባ አቀረረ። «እንግዲህ ሳያስቡ ከመጣልዎ ደርሰዋል መሪጌታ» አለችኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የገና በዓል እንዳለፈ ገነት ደወለች። የቶማስ አባት፣ ስማቸው ሄንክ ነው፣ ንፋስ መውጫ ገብተዋል፤ ለእሑድ ይመጣሉ። አገሩን ከሚያውቁት ከሽማግሌው ከአያ ቢተው ጋር ነው የሚመጡት።

«ደግሞ አባዬ፣ እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ለወጉ ያህል ነው። ብዙ ሳያስጨንቁ እሺ ይበሏቸው» አለችኝ።

«እሺ፣ እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ግን ለእሷ ነው እንጂ ለሄንክ አይደለም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ መጥቶ ልጅ ሲጠይቅ በመጀመሪያው የሚሰጥ አባት የለም። ይከለከላል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ «ዘመድ ላማክር» ይባላል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከልካዩም ተከልካዩም መጨረሻው እንደማይቀር ያውቁታል። በመጀመሪያው የሰጠ እንደሆነ «ምን ጎድሏት ነው እንዲህ የጣላት?» ይባላል። የእታገኝ አባት የእኔን ሽማግሌዎች ጫማቸው እስኪያልቅ ነው ያመላለሷቸው። ይኸው እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር ታነሣብኛለች፤ በኩራት። ታዲያ እኔ ልጄን ከእናቷ አሳንሼ ልሰጥ ነው? ሆላንድም ቢሆን ሴት ልጅ ያለው አባት አይጠፋም፤ ይህን ማንም ያውቃል ብዬ ነው።

ሰላማዊትን «የኔታ፣ ሰውን በክብር መከልከል በእንግሊዝኛ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ከላይኛ ክፍል መጽሐፍ ሥራ አመልክቶ ላላገኘ ሰው ደብዳቤ ስለመጻፍ የሚያስተምረውን ምዕራፍ አወጣችልኝ። ከሰማሁት እንግሊዝኛ ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላገኘሁም። ቃል በቃል ያዝኩት፤ የልጄንም ነገር ጨመርኩበት።

እሑድ ደረሰ። ገነት እንደ ወጉ አክስቷ ቤት ሄደች፤ ሽማግሌ ሲመጣ ሙሽራይቱ እዚያ አትገኝም። ቶማስም እንደ ወጉ ንፋስ መውጫ ሆቴል ቀረ። ሰላማዊት «ምናልባት ካስፈለግሁ» ብላ መጥታ ነበር፤ እኔ ግን «የኔታ፣ ዛሬ የድካምዎን ፍሬ ከጓዳ ሆነው ይስሙ» ብዬ እታገኝ ዘንድ ሰደድኳት።

ሄንክ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ፊታቸው በፀሐይ የተጠበሰ፣ መዳፋቸው እንደ እኔው የሻከረ። በሁለት እጃቸው ቢጫ ድፍን ክብ ነገር ታቅፈዋል። ኋላ ሲነገረን የአገራቸው ደረቅ አይብ ነው፤ እታገኝ ግን ለደብሩ ጧፍ የሚሆን ሰም መስሏት ስማ ተቀብላ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ጋር አኖረችው።

አያ ቢተው ቆመው በአማርኛ «ለዝምድና ፈልገናችሁ ነው የመጣን» አሉ። ሄንክም ቆሙና በቀጥታ ተናገሩ። «ልጄ ልጅዎን ይወዳታል። ከእሷ ጋር መኖር ይፈልጋል። ብትሰጡን ደስ ይለናል። ይህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ገባኝ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። በደስታ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። መቋሚያዬን ይዤ ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ በእንግሊዝኛም ወረድኩት፤ መነሻውን ለስለስ፣ መሀሉን ከፍ፣ መድረሻውን ዝግ እያደረግሁ።

«ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻዎን በጥንቃቄ ተመልክተነዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ጥያቄዎን ልንቀበል ባለመቻላችን ማዘናችንን እንገልጻለን። ልጃችን ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀች አይደለችም። የልጅዎንም ዘር እስከ ሰባት ቤት አናውቀውም። ስለ መጡ እናመሰግናለን። መንገዱ እንዳይመሽብዎ በጊዜ እንዲመለሱ እንመክራለን። ወደፊት መልካም ዕድል እንዲገጥምዎ እንመኛለን።»

ሄንክ ፊታቸው ነጣ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። «ግልጽ ስለ ሆኑልኝ አመሰግናለሁ» አሉና ጎንበስ ብለው ወጡ፤ ያመጣቸው መኪናም ይዟቸው ሄደ።

«ግሩም ነው!» አሉ አያ ቢተው፣ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ መከልከል ግን ሲያዩት ያውቁታል። «ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው! አያችሁት ፊቱን እንዴት እንዳነጣው? እኛ ስንከለከል እንዲህ ማዘን መች እንችልበታለን?»

ሰላማዊት ከጓዳ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። «አንድም ስሕተት የለም መሪጌታ! አንድም!» አለች። ለካ ከጓዳ ሆና ስሕተት ስትለቅም ነገሩን አልሰማችውም። እታገኝ እንኳ ያን ዕለት በፍቅር ነው ያየችኝ። ለሽማግሌ የተዘጋጀውን ምግብ አቀረበች፤ አያ ቢተው የሄንክንም ድርሻ ጨምረው በሉ።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ገነት በሩን በርግዳ ገባች። ጫማዋ አንዱ የለም።

«አባዬ፣ ምን አሏቸው?»

«ከለከልኳቸው። ያውም በንጹሕ እንግሊዝኛ!»

«ወይኔ!» ብላ መደቡ ላይ ወደቀች። ቶማስ ደውሎላታል። አባቱ ሻንጣቸውን እየከተቱ ነው። ነገ በማለዳ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው። ቶማስም «አባቴ አዝኖ እየሄደ እኔ እንዴት አገባለሁ?» ብሎ አብሯቸው ሊሄድ ተነሥቷል።

«ወጉን ንገሪያቸዋ!» አልኩ።

«ነገርኳቸው እኮ! ቶማስም ነገራቸው። ምን አሉ መሰለዎት? ‹በአስተርጓሚ የሰማሁት ቢሆን ተሳስቷል እል ነበር። ሰውየው ግን ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ነው የተናገረው። እንደዚያ አድርጎ የሚናገር ሰው የሚለውን ያውቃል› ነው ያሉት።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያን ሁሉ ክረምት ጭቃ የረገጥኩት ልጄን አጥርቼ ልከለክል ኖሯል! አንድ ደካማ አስተርጓሚ ቢኖር እየተንተባተበ ያድነን ነበር። እታገኝ ጋቢዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ወደ በሩ አመለከተችኝ። ይህ ከስድብ ሁሉ በለጠብኝ።

እኔ፣ ገነትና አያ ቢተው ወደ አርብ ገበያ ገሰገስን። እሑድ ስለሆነ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው የለም፤ ያለችው አንዲት ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላች አትንቀሳቀስም። ረዳቱን ለመንኩ፣ ገዘትኩ፣ አልሰማኝም። ዐይኔን በጨው አጥቤ መንገድ ላይ ቆምኩና ለሚያልፈው ሁሉ የደረሰብኝን አወራሁ። ሰዉ ለእኔ አዝኖ ሳይሆን መጨረሻውን ለማየት ብሎ ተሳፈረ። በአንድ አፍታ ሞላች። ከሰርግ የሚመለሱ ሴቶች ሳይቀሩ አቅጣጫቸውን ቀይረው ገቡ።

መንገዱን በሙሉ ሁሉም ይመክረኛል። አንዱ «አልቅሱላቸው» ይለኛል፣ ሌላው «በግ ይግዙላቸው» ይለኛል፤ ከኋላ ያሉ ሴትዮ «እኔ ብሆን ለፈረንጅ አልለምንም» ብለው ከጎናቸው ካለችው ጋር ተጣሉ። ሰላማዊት በስልክ «መጽሐፉ ላይ ይቅርታ መጠየቂያም አለ መሪጌታ፤ ‹ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን› ይበሏቸው» ስትለኝ ገነት ስልኩን ከእጄ ቀምታ ዘጋችው።

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ነፋሱ ጋቢዬን ሊገፈኝ ይታገለኛል። ከሆቴሉ በር አጠገብ ለግንብ የተከመረ ድንጋይ አየሁ። ያኔ የማደርገውን አወቅሁ። አንዱን መርጬ፣ ከበድ ያለውን፣ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ጎንበስ አልኩ። የበደለ ሰው በእኛ አገር እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ዘበኛው ምን እንደሆነ አንድም አልጠየቀኝም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን በሰፊው ከፈተ። የሚኒባሱ ሕዝብ በሙሉ ከኋላዬ ተከተለ።

ሄንክ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሻንጣቸው ከጎናቸው። ቶማስ ቆሟል። ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌና ያን የሚያህል ሕዝብ ሲመጣባቸው ሄንክ ብድግ አሉ። ፊታቸው ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። መጽሐፉ በሙሉ ጠፋ። ከሽፋን እስከ ሽፋን የያዝኩት፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይቀር፣ አንድም የለም። ድንጋዩ ወደ መሬት ይጫነኛል።

ሄንክ አዩኝ። «ይህ በጣም ከባድ ነው። ወገብዎን ይጎዳዎታል» አሉና በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥተው መሬት አኖሩት።

እልልታው ግቢውን አናወጠው። «አነሡለት! ይቅር አሉ!» አለ ሕዝቡ። ሰርገኞቹ ሴቶች ጭብጨባ ጀመሩ። ሄንክ ደንግጠው እጃቸውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን አደረግሁ?»

«ይቅር አሉኝ» አልኩ። «እዚህ የተበደለው ሰው ድንጋዩን ካነሣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።»

«እኔ እኮ የከበደዎት መስሎኝ ነው።»

«ከብዶኝ ነበር።»

ሄንክ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ በቤትዎ የተናገሩት ምን ማለት ነበር?» አሉኝ።

«ልጄን እወዳታለሁ» አልኩ። ይህ ከየትኛውም ምዕራፍ አልነበረም። «የምንወደውን ቶሎ አንሰጥም። እንዲመለሱ ብዬ ነው የከለከልኩዎ። የሚመለስ ሰው የምር ፈልጓል እንላለን።»

«እኔ አልመለስም ነበር» አሉ ሄንክ። «በእኛ ዘንድ ሰው አይሆንም ካለ ተመልሶ መጠየቅ እሱን መናቅ ነው። እዚህ ተቀምጬ ስለ ልጄ አስብ ነበር። እናቱ የለችም። እሷ ብትኖር እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቅ ነበር። እኔ ላምና ድንች ነው የማውቀው። በአፌ ምክንያት የልጄን ሕይወት ያበላሸሁ መስሎኝ አዘንኩ።»

እንባዬ መጣ። ሲመጣ ነው ያወቅሁት፤ ሰውየው የሚናገሩትን አንዷንም ቃል ወደ አማርኛ አልመለስኳትም። እንግሊዝኛው መሀል ላይ አልነበረም። አንድ የልጅ አባት ሲያዝን ነበር የሰማሁት፤ አንጀቴን በላኝ።

ሄንክ ተነሡ፣ ጃኬታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ልመለስና ልጠይቅ» አሉ። «ልጅዎን ለልጄ ይሰጡታል?»

አያ ቢተው ጋቢዬን ከኋላ ጎተቱኝ። «መሪጌታ፣ ቀጠሮ ይስጡ» ብለው ሹክ አሉኝ። «ቢያንስ አንድ ቀጠሮ፤ ለልጅቱ ክብር። ይህ ሁሉ ሕዝብ እያየ!» እውነታቸውን ነው። ሕዝቡ ነገ በሚኒባስ ተመልሶ በየገበያው የሚያወራው የእኔን መልስ ነው። ጋይንት በሙሉ «በሆቴል ደጅ፣ በአንድ ቀን ጣላት» ሊለኝ ነው፤ ይህን ስም እስክሞት ልሸከመው ነው። ቀና ብዬ ገነትን አየኋት። በሩ ላይ በአንድ ጫማ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታየኛለች።

«የስ» አልኩ።

ቶማስ ሄንክ ላይ ተጠመጠመ። አያ ቢተው ግን ጋቢዬን አልለቀቁም።

«ምን አሏቸው?»

«ሰጠሁ።»

«እዚህ ነፋስ ላይ? በቆሙበት?»

«በቆምኩበት» አልኳቸው፣ እንባዬን እየጠረግሁ።